ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም

ጥቅምት 9፣ ከሥራ ቦታ

ሆዴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከአቧራውና ከተቋራጩ በቀር የሚያመኝ የለም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ቀን ግን አልጻፍሽበትም። ቀን የሌለው ደብዳቤ ሲዘገይ ማንን እንደምቆጣ አላውቅም፤ እባክሽ ጻፊበት።

ስልኩን ትተን እንጻጻፍ ስትዪ መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። ሳስበው ልክ ነሽ። እኔ ስልክ ላይ እጮሃለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ መጋረጃ ሊያሰፉ የመጡ ደንበኞችሽ ደግሞ ሁለታችንንም በነፃ ያዳምጣሉ። የሲሚንቶ መኪናው ሾፌር በየሳምንቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ወዲህና ወዲያ እሱ ያደርስልናል።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ የኢንሹራንሱን ቅጽ ሞልቼ ልኬአለሁ። አንድም ክፍት ቦታ አልተውኩም። በዚህ ዕድሜዬ ቤቴን ትቼ ድልድይ ሥራ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ የምተኛው ለምን እንደሆነ አልረሳሁም። እዚህ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለሚስቱም የመውለድ ሕክምና ይከፈልለታል አሉኝ፣ መጣሁ፣ ዓመቱን ሞላሁ። አሁን ተራው የእነሱ ነው።

«ልጅ ለማግኘት መሞከር የጀመራችሁት መቼ ነው?» የሚለው ላይ ምን እንደጻፍኩ ለይተሽ ጠይቀሽኛል። ምን እጽፋለሁ? እውነቱን ነዋ! ከተጋባን ወዲህ፣ ስድስት ዓመት። ያለ ማስረጃ እንዳይመስላቸው ያደረግናቸውን ምርመራዎች ሁሉ፣ ማህተም ያለባቸውን፣ በየቀናቸው ደርድሬ አያይዣለሁ። ለዓይን ደስ የሚል ዶሴ ወጥቶታል። እንዲህ ተሟልቶ የመጣላቸው ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም።

መርፌውን ጀመርኩ ስላልሽኝ ልቤ ተደላድሏል። ሆድሽ ላይ ራስሽ ስትወጊ እጅሽ ይንቀጠቀጣል? እኔ ብኖር እወጋሽ ነበር ልል ነበር፤ የእኔ እንደሚብስ ታውቂያለሽ። ስለ ገንዘቡ አታስቢ።

ባልሽ


ጥቅምት 23፣ ከቤት

ለጋሼ፣

ቀን ጽፌልሃለሁ፤ ደስ ይበልህ። ሌላ ደስ የሚልህ ነገር ብዙም አታገኝም፤ እሱንም ቀድሜ ልንገርህ። እንቁላሉ ወጥቷል። ዶክተሯ «ሁለት ፅንስ አግኝተናል፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አለችኝ። አቀዝቅዘው አስቀምጠዋቸዋል። ሰውነቴ ከመርፌው ሲያርፍና ሂሳቡ ሲዘጋ ወደ ማህፀኔ ይመልሷቸዋል።

ሂሳቡ እንዲዘጋ ብዬ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ባለ ክራቫት ሠራተኛ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ።

«ባለቤትዎ መሐንዲስ ናቸው?» አለኝ።

«የኮንክሪት ጥራት ተቆጣጣሪ ነው።»

«ያስታውቃል። እንዲህ ያለ የተሟላ ፋይል አይተን አናውቅም።»

ደስ አለኝ እኮ! ኮራሁብህ። ከዚያ ፋይሉን ወደ እኔ አዞረው። ላዩ ላይ በቀይ «ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም፤ አይሸፈንም» ይላል።

«ልጅ አለመውለድ ሕመም ነው እንዴ?» አልኩት።

«በውሉ መሠረት ስድስት ዓመት ከቆየ፣ አዎ።»

«ዓመት ብቻ ቢሆንስ?»

«ያማ ውሉ ከተገባ በኋላ የመጣ ነው ይባልና ይከፈል ነበር። ግን ባለቤትዎ ማስረጃውን ራሳቸው አያይዘውታል።»

ጋሼ፣ ዓመት ሆነን በል አላልኩህም? ባለፈው መጥተህ ከበር ስትወጣ ሻንጣህን ይዤ አልነገርኩህም? ሰው ሁሉ የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ከባሏ ጋር ስትለፋ አሥር ዓመት አልፏታል። «ዓመት ከመንፈቅ» ብላ ጻፈች፣ ተከፈለላት። ሲኦል ትግባ እሺ፤ ልጇን ታቅፋ ትገባለች።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። «በዓመቱ ላይ ተሳስቻለሁ» ብለህ ጻፍላቸው። አንድ መስመር። በቃ።

እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ለጠየቅከኝ።


ኅዳር 4፣ ከሥራ ቦታ

ሆዴ፣

ደብዳቤሽን ከተቀበልኩ ወዲህ ለማንም ደህና መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት የተቋራጩን ፎርማን በአሸዋው ምክንያት ሰደብኩት። አሸዋው በእርግጥ ጭቃ አለበት፤ የስድቡ ሁሉ ባለቤት ግን አሸዋው አልነበረም።

እንኳን ደስ ያለን ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ይቅርታ። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» የምትለዋን ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ወደ ታች ወርጄ ስለዚያ ሰውዬ ሳነብ ደሜ ይፈላል፣ ተመልሼ ወደ እሷ እወጣለሁ።

ተሳስቻለሁ ብዬ እንድጽፍ ትጠይቂኛለሽ። አልተሳሳትኩም። ተሳስቻለሁ የምለው ስሳሳት ነው። እዚህ ፀሐይ በወጣ ቁጥር አንዱ መጥቶ «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ እለፉልን» ይለኛል። አላልፍም። ይህንን ሳታውቂ አላገባሽኝም። ደግሞስ እኛ ምን አጥፍተን ነው የምንዋሸው? የሰረቅነው ነገር አለ? ከገዛ ደሞዜ በየወሩ የሚቆረጥብኝን ነው የጠየቅኩት።

ይልቅ ይግባኝ ብያለሁ። ስድስት ገጽ ጽፌላቸዋለሁ። «ሕመም» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከራሳቸው ውል አውጥቼ፣ እርስ በርሱ የሚጣላበትን ቦታ ሁሉ አስምሬ አሳይቻቸዋለሁ። የሚመልሱት አይኖራቸውም።

እስከዚያ ክሊኒኩ ይታገሥ። ሰዎች ናቸው፤ ይታገሣሉ።

ባልሽ


ኅዳር 16፣ ከቤት

ለጋሼ፣

አይታገሡም።

«ይታገሣሉ» ስላልክ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ያቺን ገንዘብ ያዥ ታውቃታለህ፤ «ፈገግታ» ብለህ ስም ያወጣህላትን።

«የማቆያው ክፍያ በዚህ ወር መጨረሻ ካልገባ ፅንሶቹ እንዲወገዱ የሚፈቅድ ወረቀት ይፈርማሉ፣ እመቤት» አለችኝ።

«ባልፈርምስ?»

«ችግር የለውም፣ እኛ እንፈርምልዎታለን።» አሁንም ጥርሷ አልተከደነም።

የት እንደማይ ሲጠፋኝ መጋረጃውን አየሁ። ጠርዙ ተንጋድዶ፣ አንዱ ወለል ይጠርጋል፣ አንዱ ከመስኮቱ በላይ ተሰቅሏል። «ይሄን ማን ሰፋላችሁ?» አልኳት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁና በማቆያው ፋንታ የክሊኒኩን መጋረጃ ሁሉ ልስፋላችሁ አልኩት። አስብበታለሁ አለ።

ይግባኝህን አንብበውታል። ባለ ክራቫቱ «ጽሑፋቸው ግሩም ነው፣ ቢሯችን ውስጥ ተዟዙሮ ተነቧል» አለኝ። መልሱ ግን ያው ነው።

እህትህም መጥታ ነበር። እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና «በዚህ ሁሉ ገንዘብ እኮ ቤት ይሠራበት ነበር» አለች። «ተሠርቶ ማን ይሮጥበታል?» አልኳት። ተነስታ ሄደች። ካኮረፈች አስታርቀን።

ያልጠየቅከኝን ደግሞ ልንገርህ። ዶክተሯ ሌላ ዙር መርፌ ሰውነቴ እንደማይችል ነግራኛለች። ዕድሜዬንም ታውቀዋለህ። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ የለንም፣ ጋሼ። ይሄ ነው ያለን።

አንድ መስመር ብዬህ ነበር።


ኅዳር 27፣ ከሥራ ቦታ

ሆዴ፣

ጽፌላቸዋለሁ።

አንድ መስመር አልበቃውም። «ቅጹን ስሞላ በስህተት» ብዬ ጀመርኩና ስህተቱ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ነበረብኝ። ያያያዝኳቸውን ምርመራዎችስ? «ለሌላ ሕመም የተደረጉ ናቸው» አልኩ። የመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ በጉልህ ምን እንደተጻፈ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደማያነቧት ተስፋ አደረግኩ። ሰው ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ስመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እባክሽ አታመስግኚኝ። ስለዚህ ነገር መልሰሽም አትጻፊልኝ። እህቴን እኔ አናግራታለሁ።

ስለ መጋረጃው ግን ጻፊልኝ። ተቀበሉሽ? ጨርቁን በማን ሂሳብ ነው የምትገዢው? በራስሽ እንዳይሆን!

ባልሽ


ታኅሣሥ 8፣ ከቤት

ለጋሼ፣

እሺ፣ አላመሰግንህም።

መጋረጃውን ተቀብለውኛል። ጨርቁ በእነሱ፣ ጉልበቱ በእኔ። ለሁለት ወር ማቆያ አይጠይቁኝም፤ በጽሑፍ ተፈራርመናል። አንተ እንዳስተማርከኝ ሁለቴ አንብቤ ነው የፈረምኩት።

ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ በየክፍሉ ስገባ ማንም አይከለክለኝም። ታካሚ ሆኜ ስመጣ የሚያስጠብቁኝ ሰዎች አሁን «ባለሙያዋ፣ ግቢ፣ ግቢ» ይሉኛል። ትናንት ሁለቱ ፅንሶቻችን ያሉበትን ክፍል አየሁት። ከውጭ ነው እንጂ አያስገቡም። ተራ በር ነው፤ ነጭ። ከበሩ ትይዩ መስኮት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ቀጥ ብላ በሩ ላይ ታርፋለች። ለዚያ መስኮት ከሌሎቹ ሁሉ ወፈር ያለ ገበር አደረግኩለት። ሞኝነት ነው፤ እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ላለ ነገር ፀሐይ ምን ትለዋለች? «ፈገግታ» አይታ «ይሄኛው ለምን ወፈረ?» አለችኝ። «አቧራ ይበዛበታል» አልኳት።

ብርዱ እንዴት ነው? ካልሲ ልኬልሃለሁ። ሾፌሩ እንዳያስቀርብህ ቁጠረው።

ከኢንሹራንሱ መልስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአንተ ነው ብለውኛል። ቶሎ ጻፍልኝ፣ ክፉም ቢሆን።


ታኅሣሥ 19፣ ከሥራ ቦታ

ሆዴ፣

ክፉ ነው።

አንብበውታል፤ ሁሉንም። ስድስቱን ገጽ ይግባኝና ተሳስቻለሁ ያልኩባትን አንዷን ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ እኔ እንዳሰመርኩባቸው አስምረው መለሱልኝ። «ሐሰተኛ መግለጫ» ይለዋል። የቤተሰቡ መድን በሙሉ ተሰርዟል፤ የአንቺ ብቻ አይደለም፣ የእኔ የደም ግፊት መድኃኒትም አብሮ ሄዷል። ግልባጩን ለመሥሪያ ቤቴ ልከውታል።

የሥራ ቦታው አለቃ አስጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ወረቀቱን ይዟል። «ጋሼ፣ እርስዎም?» አለኝ። ድልድዩ ሊያልቅ ስለሆነ በማስጠንቀቂያ አለፈኝ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ወጥቷል። ፎርማኑ ምሳ ላይ በሰው ፊት «እንግዲህ አሸዋውም ይለፍልና!» አለ። ሳቁ። እኔም ሳህኔን ይዤ ወጣሁ።

እውነቱን ጽፌ ከለከሉኝ፤ ዋሽቼ ቀሙኝ። የትኛው ላይ እንደምናደድ አላውቅም። «ያስዋሸሽኝ አንቺ ነሽ» የሚል አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌልሽ ነበር። ቀድጄዋለሁ፤ ግን ጽፌው እንደነበር እወቂ። ደብቄሽ አልኖርም።

ማቆያው መቼ ነው የሚያበቃው? ምን ልታደርጊ ነው? ሳትነግሪኝ ምንም እንዳታደርጊ።

ባልሽ


ጥር 6፣ ከቤት

ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? መድኃኒትህን ገዝቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ጠዋት ጠዋት ነው፤ ከምግብ በፊት።

ስለ ገንዘቡ አሁን አትጠይቀኝ። ሁለቱንም ፅንሶች መልሰውልኛል። አላመመኝም። ዶክተሯ እጇ ቀላል ነው፣ ስትሠራ ታወራኛለች፤ መጋረጃዬን አድንቃልኛለች። ከዚያ በኋላ እንዳሉኝ ተኛሁ፣ ከባድ ነገር አላነሳሁም፣ ደረጃም በቀስታ ነው የወጣሁት። የተባልኩትን ሁሉ አድርጌአለሁ።

ያንን ገጽ ስለቀደድክ ደግ አደረግህ። ስለነገርከኝም።

እህትህ ሾርባ ይዛ መጣች። ስለ ቤት አላነሳችም፤ ስለ ጥርሷ ብቻ አወራች። ዝናብ እዚህ ቀርቷል፣ አቧራው መጋረጃ ያስፈልገዋል። አከራዩ በሩን ሊቀባው ነው፤ ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል ትላለህ?

ትንሽ ደክሞኛል። ረዘም አድርገህ ጻፍልኝ።


ጥር 15፣ ከሥራ ቦታ

ሆዴ፣

ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ለበሩ ግራጫ፤ ቆሻሻ አይታይበትም።

አልቆጣም፤ ግን ልጠይቅሽ። ሾፌሩ መድኃኒቱን ሊቀበል ሲመጣ የስፌት ማሽኑን ድምፅ አልሰማሁም አለኝ። ትልቁን ሸጠሽዋል አይደል? ይሁን። ሌላ እገዛልሻለሁ። ሌላውንስ ከየት አመጣሽው? ስትነግሪኝ ትነግሪኛለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ሰዎች ምን ነካው ይላሉ። ፎርማኑን ዛሬ «እንደምን አደርክ» አልኩት፣ ደንግጦ ኮንክሪቱን እንደገና ለካው። ተስፋ ማድረግ አልወድም፤ ታውቂያለሽ፣ ተስፋ የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ቢሆንም ትናንት ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ስጠብቅ አንድ ነገር ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ልቀበለው ስሄድ ጓደኞቹ «አያትህ መጣልህ!» ይሉታል። ምን ብሎ ይመልስ ይሆን? ይሳደባል ወይስ ያፍራል? እንዲያፍር አልፈልግም። እንዲያስረዳቸው እፈልጋለሁ። «አያቴ አይደለም፤ አባቴ ነው፤ ዘግይቶ ነው የመጣው» ይበላቸው። ሴት ከሆነች ደግሞ እንዳንቺ መልስ አያጣትም። አየሽ ምን ዓይነት ጅል ሰው እንዳገባሽ?

ልጅ ሳለሽ የለበስሽውን ዓይነት ሹራብ ትሠሪላቸዋለሽ፤ የልጅነት ፎቶሽ ላይ ያለውን፣ ኪሱ ትልቅ የሆነውን። ልጅ ኪስ ይወዳል።

ድልድዩ በመጋቢት ያልቃል። ውሌን አላድስም። ለአለቃው ነግሬዋለሁ። መጥቼ እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ እኔ ደረጃ እወጣለሁ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዢኛለሽ።

ባልሽ


ጥር 27፣ ከቤት

ለጋሼ፣

ተቀምጠህ አንብበው።

አልያዘም። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ውጤቱን ሰምቼ ነበር። የጻፍኩልህ ሁሉ እውነት ነው፤ መልሰውልኛል፣ ተኝቻለሁ፣ የተባልኩትን አድርጌአለሁ። ይህቺን ብቻ አስቀረሁ።

ዶክተሯ «አዝናለሁ፣ አልያዘም» አለችኝ። «ሁለቱም?» አልኳት። እንደ ሞኝ። አንዱ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ እኮ ነው። «ሁለቱም» አለችኝ።

ለምን እንዳልነገርኩህ ትጠይቃለህ። ልነግርህ ነበር የተቀመጥኩት። ከዚያ አሰብኩ፤ ይህንን ካነበብክ በኋላ ስለ ልጅ የምትጽፍልኝ ምንም ደብዳቤ አይኖርም። ስድስት ዓመት ሙሉ ተቆጥተህ ነው የማውቅህ፤ በሐኪሙ፣ በቅጹ፣ በወረፋው። ተደስተህ ምን እንደምትል አላውቅም ነበር። አንዴ ብቻ ማንበብ ፈለግኩ። አነበብኩት። «አያትህ መጣልህ» የሚለው ላይ ሳቅኩ፤ ደንበኛዬ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልህም። በድዬሃለሁ፤ ይቅርታህን እለምናለሁ፣ ካልሆነም ተቆጣኝ።

አሁን ገንዘቡን ልንገርህ። ማሽኑን ሸጫለሁ፤ አልበቃም። ስትሄድ የሰጠኸኝን ውክልና ይዤ ቀሪውን በየወሩ ከደሞዝህ እንዲቆረጥ ከክሊኒኩ ጋር ተፈራርሜአለሁ። ሁለት ዓመት ነው። ቢይዝም ባይዝም የሚከፈል ነው ይላል ወረቀቱ፤ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። «ፈገግታ» ለሚቀጥለው ዙር ቅናሽ እንዳለ ነገረችኝ። «የሚቀጥል የለም» አልኳት።

ስለዚህ በመጋቢት አትምጣ። አለቃህን ለምነው፣ ውሉን አድስ። እዚህ ብትመጣ በዚህ ዕድሜህ ማን ይቀጥርሃል? እኔም በትንሿ ማሽን የትራስ ልብስ እንጂ መጋረጃ አልሰፋባትም። ስትናፍቀኝ እጽፍልሃለሁ። አትምጣ።


የካቲት 10፣ ከሥራ ቦታ

ሆዴ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም።

ተቆጥቻለሁ። ስላልነገርሽኝ አይደለም፤ ያንን ደብዳቤ እንድጽፍ ስለተውሽኝ ነው። ቅደጂው። ስለ ኪስ የጻፍኩትን ማንም እንዳያነበው፤ አንቺም ደግመሽ አታንብቢው። ይህንን ብቻ እለምንሻለሁ። ይቅርታ ለጠየቅሽው፣ ምንም ይቅር የምልሽ ነገር የለኝም። ማሽንሽን ሸጠሽ፣ ሆድሽን ወግተሽ፣ ውጤቱን ብቻሽን ሄደሽ ሰምተሽ፣ ከእኔ ይቅርታ?

አለቃውን አናገርኩት። «አላድስም ብለው አልነበር?» አለ። «አሁን አድሳለሁ» አልኩት። ቦታውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበርና ዝቅ ባለ ደሞዝ ተቀበለኝ፤ ለክሊኒኩ ተቆርጦ የሚተርፈው ለአንቺ ቤት ኪራይ ይበቃል። ከዚህ ድልድይ አልፎ ወደ ውስጥ ሌላ መንገድ ይጀመራል፤ ከዚያ ከተማ ለመድረስ የበለጠ ይርቃል። ደብዳቤ ይዘገያል። እንዳትሰጊ ብዬ ነው።

ዛሬ አዲስ ሾፌር መጥቷል፤ ይህን የሚያደርስልሽ እሱ ነው። ጨዋታ ይወዳል። ሲሚንቶው እስኪራገፍ ጥላው ስር ቆመን «ጋሼ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለኝ። እስከ ዛሬ ይህንን ለጠየቀኝ ሁሉ «ገና ነን» ነበር መልሴ። «ልጅ የለኝም» አልኩት። «እሱ ይስጥዎት» አለ። «አይሰጥም» አልኩት። ደንግጦ አየኝና ከረጢቶቹን መቁጠር ጀመረ። አብሬው ቆጠርኩ። አንድ ጎድሏል። እሱም አይቷል፤ ምን እንደምለው ቆሞ ጠበቀኝ። ሙሉ ነው ብዬ ፈረምኩለት።

ባልሽ